በቤታችን አንድ ካቲሶ አለ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ፀሐይ መከተል ሆኗል። ጠዋት ወንበሬን ደጃፉ ላይ አደርጋታለሁ፣ ረፋድ ላይ ወደ ግንቡ ሥር እገፋታለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ እንገኛለን፣ እኔም ወንበሬም። ባለቤቴ አልማዝ "ሱፍ" ትለኛለች፤ አበባውን ማለቷ ነው። ራሴ ላይ የቀረውን ፀጉር ላየ ሰው ግን አበባው ከረገፈ ቆይቷል።

ጉለሌ ውስጥ ፀሐይ መከተል ትዕግሥት ይጠይቃል። እንጦጦ ጉሙን ከላዩ እስኪያወልቅ ድረስ ይዘገያል። ጉሙ በባሕር ዛፉ መካከል ቁልቁል ሲወርድ እኔ ዐይኔን ጨፈን አደርጋለሁ፤ ያኔ ቃላቱ ይመጣሉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰሌዳ ላይ የጻፍኳቸው የእንግሊዝኛ ቃላት በሰልፍ ያልፋሉ። ዊል እየተንከባለለ፣ ስቲም እያፏጨ፣ ኢንጂን እያሳለ። ኢንቬንተር ሁልጊዜ ከሁሉም ኋላ ነው የሚመጣው። ሲያልፍም ሰላም አይለኝም። አልፈርድበትም፤ የበደልኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደበደልኩት ልንገራችሁ።

እንግሊዝኛ መምህር የሆንኩት እንግሊዝኛ ስለማውቅ አልነበረም። ማሠልጠኛ ስንገባ ስማችንን የሚጽፈው ሰው አማርኛ የሚለው ወረቀት ሞላበትና ቀጥሎ ባለው ወረቀት ላይ ጻፈኝ። ቀጥሎ ያለው ስፖርት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጉልበቴ ደኅና ይሆን ነበር።

የመጀመሪያ ምድቤ ከአዲስ አበባ ሁለት ቀን የሚያስኬድ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ስለ ጥንት ማሽኖችና ስለሠሯቸው ሰዎች የሚያወራ ምዕራፍ አለ፤ ባቡር፣ የእንፋሎት ሞተር፣ የሚበር ነገር። ተማሪዎቹ ባቡር አይተው አያውቁም። እኔም አይቼ አላውቅም፣ ግን ደመወዝ የሚከፈለኝ እኔ ስለሆንኩ ማስተማር ነበረብኝ። ክፍሉን በሙሉ ትከሻ ለትከሻ አያይዤ ሜዳውን አዞርኳቸው። ፊተኛው ልጅ "ስቲም፣ ስቲም፣ ስቲም" እያለ ይጎትታል። ዳይሬክተሩ ከቢሮው ወጣ።

"መምህር ገዛኸኝ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"ትሬይን ነው።"

"የሚቆመው መቼ ነው?"

"ብሬክ የሚለውን ቃል ለነገ ነው የያዝኩት።"

ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ቦታ ዞሬ በመጨረሻ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ካለ ትምህርት ቤት ደረስኩ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። አለቆች መጥተው ሄደዋል። አንዱ ዳይሬክተር መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ከእንግሊዝኛ በቀር እንዳይነገር ከለከለ። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ዝንብ ስትበር ይሰማ ነበር። ቀድመን ዝም ያልነው የእንግሊዝኛ መምህራኑ ነን። ስለ ደመወዙ፣ አልማዝ እንዳታስታውስ ብዬ፣ ትንሽ ነበር ብቻ እላለሁ። የትምህርት ዕቅድ ደግሞ እንሞላ ነበር፤ እሱ ብዙ ነበር።

እዚያ ትምህርት ቤት ጋሽ ታፈሰን አገኘሁ። የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህር ናቸው። እኔ ስምንተኛን ያዝኩ። ግራጫ ጋዋን ይለብሳሉ፤ ኪሱ ውስጥ የሌለ ነገር የለም። የሰዓት ጥርስ፣ የብስክሌት ደወል፣ የራዲዮ ቁልፍ፣ ብሎንና ካቻቪቴ። ሲራመዱ ይንሿሿሉ። ተማሪ ከሩቅ ሰምቶ መጽሐፉን ይገልጣል።

ዕቃው እጅ ላይ ሳይኖር ቃሉን አያስተምሩም። ሌቨርን ያስተማሩ ቀን አካፋ ይዘው ሜዳ ወጡ። ትልቅ ድንጋይ መረጡ፤ ከክፍሉ በአካል ትንሿን ልጅ ጠሩና አካፋውን ሥሩ አስገብታ በትንሽ ድንጋይ ላይ እንድትጫነው አደረጉ። ድንጋዩ ተነሣ። ልጅቷ እጇን አየች፣ አካፋውን አየች፣ ከዚያ "ስሙ ማን ነው?" አለች። ጋሽ ታፈሰ የሚጠብቁት ይቺን ነበር። ተማሪ ስሙን እስኪጠይቅ ድረስ ቃሉን ሰሌዳ ላይ አይጽፉም። ሥዕሉን በስተግራ ይሥላሉ፤ በስተቀኝ ያለውን ባዶ ትተው እጃቸውን ኋላቸው አጣምረው ይቆማሉ። አንዳንዴ ደወል ይደወላል፣ ቃሉ ሳይጻፍ ይቀራል፣ በማግስቱ ይቀጥላሉ። እኔ ለማስተማር ስወጣ ደግሞ በር ላይ ያስቆሙኝና "ዕቃው የት አለ?" ይሉኛል። ባዶ እጄን ካዩ ኪሳቸው ገብተው አንድ ነገር ያወጣሉ።

ቀይ እስክሪብቶ አይዙም ነበር። ጆሯቸው ላይ የምትሰካ ያለቀች እርሳስ አለቻቸው። ተማሪ ሲሳሳት ከስህተቱ ሥር አንዲት ነጥብ ያደርጉና ደብተሩን ይመልሳሉ።

"ነጥብ ብቻ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"እዚህ ጋ ተመልሰህ እይ ማለት ናት። ምኑ እንደተሳሳተ ማግኘት የልጁ ሥራ ነው። አንተ ካገኘህለትማ አንተ ተማርክ።"

በገባሁበት ዓመት ማሽን የሚለውን ቃል ሳስተምር ቸኩዬ "መኪና ማለት ነው" አልኩ። ከዚያ "የሚሰፋ ማሽን ሣሉ" ብዬ አዘዝኩ። አንዱ ልጅ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሥሎ መጣ። ከፊቷ ትልቅ መርፌ አላት፤ አስፋልቱን እየሰፋች ሽቅብ ትሄዳለች፣ ከኋላዋ ነጭ ክር ይከተላታል፣ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት እያዩ ነው። ልሰርዝበት ስል ጋሽ ታፈሰ ወረቀቱን ወሰዱና መስኮት ሥር ቆመው ብዙ አዩት።

"ልጁ ምን አጠፋ?"

"ጋሽ ታፈሰ፣ ታክሲ ነው እኮ የሣለው።"

"እናቱ ቤት ያለችው የስፌት መኪና አይደለችም? መኪና ያለውስ ማን ነው?" አሉና ሰሌዳው ላይ፣ መኪና ብዬ ከጻፍኩት ቃል ሥር፣ በጠመኔ ነጥብ አደረጉ።

ያቺ ታክሲ አሁንም ትመጣለች። ፀሐይ ላይ ሳንቀላፋ ከዊንጌት በኩል ተነሥታ እንጦጦን ከከተማው ጋር እየሰፋች ትወጣለች። ጉሙ ላይ ስትደርስ ክሩ ይጠፋኛል።

ጋሽ ታፈሰ ጡረታ ወጡ። እኔ አንድ ፓኮ ቀይ እስክሪብቶ ገዛሁ። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ፣ ለመግዛት የጠበቅኩት እሳቸው እስኪወጡ መሆኑ ነው።

በዚያው ዓመት ስለ ማሽኖች የሚያወራው ምዕራፍ ደረሰ። ኢንቬንተር የሚለውን ቃል ጋሽ ታፈሰ "መጀመሪያ አስቦ የሠራው ሰው" ብለው ነበር የሚያስተምሩት። እኔ ረዘመብኝ። ፈጠራ ከሆነ፣ ሰውየው ፈጣሪ ነው ብዬ "ኢንቬንተር ማለት ፈጣሪ" ብዬ ጻፍኩ። በአማርኛ ፈጣሪ ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ እንደሚያይ የዘነጋሁ አማርኛ ተናጋሪ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በቅርቡ አልማዝ ስልክ ላይ ይኼንኑ ቃል አስተርጉሜ ነበር፤ ስልኩም ፈጣሪ አለኝ። ደስ አለኝ። ያን ያህል ሰነፍ መምህር ገና አለ ማለት ነው።

የቤት ሥራው ስለ አንድ ማሽንና ስለ ኢንቬንተሩ ሦስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነበር። ሁሉም መጽሐፉን ገልብጠው መጡ። አንዲት ልጅ ብቻ ከራሷ ጻፈች። አስቴር ካቲሶ ትባላለች፤ ካቲሶ የአባቷ ስም ነው። ከደቡብ መጥተው ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ ከሚሠሩ ቤተሰቦች ናት፤ ሰባተኛን ከጋሽ ታፈሰ ጋር ነው የተማረችው። ጻፈች እንግዲህ፣ እኔ ደግሞ ክፍሉን ላሥቅ ብዬ በአማርኛ እየተረጎምኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ።

"በቤታችን አንድ ካቲሶ አለ። እሱ ማሽን ነው። አባቴ ፈጣሪ ነው።"

ክፍሉ በሣቅ ወደቀ። ከኋላ ያሉት ወንበር ደበደቡ። እኔም ሣቅሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ልጅቷ ተነሣች።

"ቲቸር፣ አባቴን ማለቴ አይደለም። ዕቃውን ነው።"

"ዕቃው የት አለ?" አልኳት።

ጋሽ ታፈሰ ተማሪ ለማክበር የሚጠይቁትን ጥያቄ እኔ ለማላገጥ ጠየቅኩበት።

"ቤት ነው ያለው" አለች። እንደገና ሣቁ።

ካቲሶ የሚለውን በትንሿ ኬ ነበር የጀመረችው። በቀይ ከብቤ "የሰው ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ "ካቲሶ የሚባል ማሽን የለም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ "የፈጣሪ ልጅ" ሆነ። በሳምንቱ አባቷ መጡ። ቀጭን ሰው ናቸው፤ የተተኮሰ ኮት ለብሰዋል፣ ጣታቸው ላይ የክር ቀለም አለ። ዘበኛው ሊያስገባቸው ቢል እንኳ አልገባም ብለው በር ላይ ጠበቁኝ።

"መምህር፣ እኛ ፈጣሪ የምንለው አንድ ነው" አሉኝ። "ጸሎት ቤት ልጆቹ በዚህ ስም ሲጠሯት ከመዘምራኑ ቀርታለች። እኔ ሸማ ሠሪ ነኝ፤ ሌላ አይደለሁም። ልጄ ግን ውሸታም አይደለችም።"

"እኔ እኮ ለጨዋታ ነው..."

"ይገባኛል። ዕቃውን መጥተው ይዩት፤ እዚህ ከላይ ነን። ካዩት በኋላ የመሰለዎትን ለክፍሉ ይንገሩ።"

"ነገ ከሰዓት እመጣለሁ" አልኳቸው።

በማግስቱ ከሰዓት ወጣሁ። ሽሮ ሜዳ መታጠፊያው ድረስ ሄድኩ። ጥበቡና ነጠላው ከየሱቁ በር ላይ ተሰቅሎ በነፋስ ይወዛወዛል። እዚያ ቆሜ አሰብኩ። ዕቃው እውነት ከሆነ ነገ ክፍሉ ፊት ቆሜ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ልል ነው። የተሰቀለው ልብስ ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ተመለስኩ። ይኼን ለአልማዝ ስነግራት ዝናብ ያዘኝ ብዬ ጀምሬ ነበር። "የዚያን ቀን ዝናብ አልነበረም፣ ልብስ አጥቤ ነበር" አለችኝ። ዳኛ ብትሆን ይሻላት ነበር፤ እሷ ግን የሚያሳዝን ነገር፣ እኔን አገባች።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ አስቴር መልቀቂያ ወስዳ ሌላ ትምህርት ቤት ገባች። መዝገቡ ውስጥ ስሟ ላይ መስመር ያሠመርኩት በዚያው ቀይ እስክሪብቶ ነው። ጋሽ ታፈሰ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ዕቃውን አየኸው?"

"አላየሁትም።"

ሻይ አስቀዱልኝ። ስኳሩን ግን ወደ እኔ አላስጠጉትም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ሲል ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ቤት ሠራ። አልማዝ "ፀሐይዋ ብቻዋን አልቻለችህም፣ ሽሮ ሜዳ ሂድና ጋቢ ግዛ" አለችኝ። ሄድኩ። አንዱ ሱቅ ገብቼ ጋቢ እየዳበስኩ ሳለ ከጓዳው ሸማ የሚሠራው ሰውዬ ለጓደኛው ሲናገር ሰማሁ።

"ካቲሶው እምቢ አለኝ እባክህ፣ ና ቅባት አድርግበት።"

ጋቢው ከእጄ ወደቀ። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

"ምንህ ነው እምቢ ያለህ?"

"ካቲሶው፣ አባባ" አለና ወደ ላይ አሳየኝ።

ከራሱ በላይ ጨርቁ የተገፈፈ ጃንጥላ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። የጃንጥላ ሽቦዎች በብስክሌት ጎማ ክብ ላይ ታስረዋል፤ ከየሽቦው ጫፍ አንዳንድ ቀለም ክር ወርዷል። አንዲት ሲባጎ ወደ ታች ወርዳ ሰውየው እግሩን በከተተበት ጉድጓድ ውስጥ ከእግሩ አውራ ጣት ጋር ትገናኛለች። ጥለት ሲሠራ ቀለም ለመቀየር እጁን ከሥራው አያነሣም፤ በጣቱ ይስባል፣ ክቡ ይዞራል፣ የሚፈልገው ቀለም እፊቱ ይመጣል። ቅባቱን ካደረጉበት በኋላ ዞረ። አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ወርቅማ፣ እንደገና አረንጓዴ፣ ከጣሪያው በምትገባው ብርሃን ውስጥ ቀስ ብሎ።

"ለምን ካቲሶ ተባለ?" አልኩት።

"እኔ እንጃ፤ ስሙ ነዋ። መዶሻ ለምን መዶሻ ተባለ?" አለኝ። "ሠፈሩ ሁሉ ያለው ነው። የመጀመሪያውን ማየት ከፈለጉ እታች አስቴር ሱቅ አለ።"

እታች ወረድኩ። መነጽር ያደረገች፣ ጎልማሳ ሴት ነጠላ እያጠፈች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

"ቲቸር ገዛኸኝ። ፀጉርዎ የት ሄደ?"

"ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ" አልኳት። ከዚያ ቀልዱ አለቀብኝ። "አስቴር፣ ዕቃውን ለማየት ነው የመጣሁት።"

ነጠላውን አጥፋ ጨረሰች። ሌላ አነሣች።

"ነገ ከሰዓት ብለው ነበር" አለችኝ።

ቁጭ ይበሉም አላለችኝም፣ ይውጡም አላለችኝም። "አባባ ያን ቀን ከሰዓት ሥራ አልሠራም። ሽቦዎቹን በቅባት ወልውሎ፣ ሸሚዝ ቀይሮ ጠበቀዎት። በማግስቱም ጠበቀ። በኋላ 'መምህር ሥራ በዝቶባቸው ነው' አለን።"

"አሁን የት ናቸው?"

"ካረፈ ሦስት ዓመቱ።"

አስቴር የያዘችውን አስቀመጠችና መጋረጃውን ገለጠችልኝ፤ ከኋላው ሁለት ሰዎች ሸማ ይሠራሉ።

የመጀመሪያው ካቲሶ እዚያ ነበር፤ ከሌሎቹ ያነሰ፣ ሽቦው የዛገ፣ ግን የሚዞር። "ይግቡ" አለችኝ ጉድጓዱን እያሳየች። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ከተትኩ። መግባቱ ይቀላል፤ መውጣቱ በኋላ ሁለት ሸማ ሠሪዎች ፈልጓል። ሲባጎዋን በጣቴ ሳብኩ። ክቡ ዞረና ሰማያዊ መጣ።

"የፈለጉት ቀይ ነበር?"

"ቀይ ይብቃኝ" አልኳት።

ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። አጠገቤ ዱካ ላይ ተቀመጠች።

"ፈረንጆች ሲመጡ ይኼ ምንድን ነው ይሉኛል" አለች። "ሌላውን ሁሉ በእንግሊዝኛ አስረዳቸዋለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ እደርቃለሁ። ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም ቲቸር፤ ልናገር ስል ያ ክፍል ይሥቅብኛል። ዝም ብዬ ዋጋውን እነግራቸዋለሁ።" ነጭ ካርቶንና ማርከር አመጣች። "ጽፈው ይስጡኝ። ሥሩ ይሰቀላል። ያቺኑ ሦስት ዓረፍተ ነገር። መጀመሪያ ግን እንደዚያን ቀን በአማርኛ ጮክ ብለው ይበሉት።"

እግሬ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ፣ ሸማ የሚሠሩት ሰዎች እጃቸውን አቁመው እያዩኝ፣ ጮክ ብዬ አልኩ።

"በቤታችን አንድ ካቲሶ አለ። ማሽን ነው። መጀመሪያ አስቦ የሠራው አባቴ ነው።"

ሣቁን ጠበቅኩ። ማንም አልሣቀም። አንደኛው ወደ ሥራው እየተመለሰ "ታዲያ ይኼን የማያውቅ ማን አለ?" አለ።

አስቴር መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ብዙ ጠረገችው።

ካርቶኑ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ላይ የለመደ እጅ ስለሆነ ጽሑፌ ያምራል፤ ይኼን እንኳ ተዉልኝ። ሰጠኋት። አነበበች። ከዚያ ከሒሳብ ደብተሯ መካከል እርሳስ አውጥታ ከአንድ ፊደል ሥር አንዲት ነጥብ አደረገችና መለሰችልኝ።

ነጥቧን ሳይ የጋሽ ታፈሰ ኪስ ሲንሿሿ የሰማሁ መሰለኝ።

ነጥቧ ያለችው ከኬ ሥር ነው። ካቲሶን በትልቁ ኬ ጽፌዋለሁ።

"የሰው ስም በትልቁ..." ብዬ ጀመርኩ።

"የሰው ስም አይደለም፣ ቲቸር" አለችኝ። "የዕቃ ስም ነው። ያኔም በትንሿ ነበር የጻፍኩት።"

ሌላ ካርቶን ጠየቅኩ። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ስማቸው በትልቅ ፊደል የተጻፈ። አቶ ካቲሶ ግን ስማቸው ደቅቆ፣ ልሞ፣ እንደ መዶሻ የሰው ሁሉ አፍ ውስጥ ገብቶ ትንሽ ፊደል ሆኗል። ትንሿን ኬ ቀስ ብዬ ጻፍኳት።

ቤት ስገባ አልማዝ ባዶ እጄን አየች።

"ጋቢው የታለ?"

ለካ ጋቢውን ረስቼዋለሁ።

"ነገ ከሰዓት አመጣዋለሁ" አልኳት።

አልማዝ ቀና ብላ አየችኝ። በማግስቱ ከሰዓት እያካፋ ነበር። ሄድኩ።